ከአዴሌ ወጣ ያለ የቆየ የእንጨትና የጭቃ ቤት፦ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ልፈትሽ?

ቀፊራ_ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲኬድ ደንገጎን አልፎ፣ አዴሌ አካባቢ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቤት ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ስፋቱ 6 በ8 ሜትር ነው። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ። የተሠራው በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው ይላሉ። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኖ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉም ሲሚንቶ ነው። ከውስጥ ኮርኒስ ስላለው የጣራው እንጨት አይታይም። በመንገድ በኩል ያለው በር ሲዘጋ ከታች ይፈገፍጋል። ከቤቱ ጀርባ ከፍ ብሎ የጎረቤት የጫት ማሳ አለ። ሻጩ ያሳየኝ ወረቀት የቀበሌ ደብዳቤ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጡ ደህና መሆኑን ግድግዳውን ሳላፈርስ እንዴት አውቃለሁ? ሁለተኛ፣ እግሩ የበሰበሰ ቋሚ ቢገኝ ይጠገናል ወይስ ቤቱ አለቀለት ማለት ነው?

ውል_አንባቢ

እንጨቱን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን የቀበሌ ደብዳቤ ያልከው ነገር አስግቶኛል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። ሰው ሊሸጥ የሚችለው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራውን ነው። ቤቱ በማዘጋጃ ቤት ክልል ውስጥ ካለ ይህ ብዙ አያስጨንቅህም፤ ቤቱ ሲሸጥ የቦታው የመጠቀም መብት አብሮ በስምህ ይዛወራል። ገጠር ቀበሌ ውስጥ፣ በአርሶ አደር ይዞታ ላይ ያለ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የገጠር ይዞታ በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ ሊተላለፍ ይችላል፤ በሽያጭ አይተላለፍም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ይህን አልለወጠውም። ሰዎች «መሬቱን ሳይሆን ቤቱን ነው የሸጥኩት» ብለው ይጽፋሉ፤ ጠብ ሲነሳ ግን በእጅህ የሚቀረው ነቅለህ የምትወስደው ቆርቆሮና እንጨት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሂድና ቦታው ከተማ ክልል ውስጥ ነው ወይስ ገጠር የሚለውን ከመዝገብ አረጋግጥ። የደላላን ቃል ወይም የቀበሌ ደብዳቤን አትመን። ከተማ ውስጥ ከሆነ ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቅ። ይዞታው ነባር (በሊዝ ያልተገኘ የቆየ ይዞታ) ከሆነ ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር ወደ ሊዝ እንደሚገባ ይደነግጋል። የዓመቱ ክፍያ ስንት እንደሚሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ጠይቀህ ከዋጋው ጋር አስላው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃው ላይ ያሉት ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፤ ጅቡቲ ወይም አዲስ አበባ ያለ አንድ ወራሽ ቢቀር ውሉ አንካሳ ነው። ቀብድ ስትሰጥም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት አንተ ብትተው ቀብዱን እንደምታጣ፣ ሻጩ ቢተው እጥፍ እንደሚመልስ አስታውስ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል የማዋዋል ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት ካልተደረገ (አንቀጽ 1723) መንደር ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ ወረቀት ብቻውን አያድንህም።

ቋሚና_ማገር

ወረቀቱ ከጠራ በኋላ ወደ ቤቱ እንምጣ።

የጭቃ ቤት ስንል ስሙ ያሳስታል። ጣራውን የተሸከመው ጭቃው አይደለም፤ ቋሚዎቹ ናቸው። ጭቃው ሙላት ነው፣ ከነፋስና ከብርድ ይከላከላል። ስለዚህ ጭቃው ተሰነጣጠቀ፣ ረገፈ ብለህ ብዙ አትደንግጥ፤ በምርጊት ይመለሳል። የቤቱ ዕድሜ ያለው ቋሚው ከአፈር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከመሬት በላይ 20 ከመሬት በታች 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። እዚያ እርጥበትም አየርም ስላለ እንጨት የሚበሰብሰው እዚያው ነው። በጥልቀት የተቀበረው ጫፍና ከላይ ያለው ግንድ ደህና ሆነው መሐሉ ያለቀ ቋሚ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

አንተ ያልከው ቤት ደግሞ በሲሚንቶ ተለስኗል። ይህ ለገዢ ጥሩ ምልክት አይደለም። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋሃድም፤ ጭቃው ሲረጥብና ሲደርቅ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፣ ሲሚንቶው ግን ግትር ነው። ፀጉር በምታህል ስንጥቅ የገባ ውኃ መውጫ ያጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ የቋሚው እግር ዘንድ ይጠራቀማል። ከውጭ የሚያምር ግድግዳ ከውስጥ ዱቄት ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ከታች ወደ ላይ እየቆረቆርክ ሂድ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ልስኑ ከጭቃው ተላቅቋል። ከወገብ በታች በሰፊው እንዲህ ከሆነ ሙሉ ልስኑ እንደሚነሳ አስበህ ዋጋ ተደራደር።

ቀጥሎ መቆፈር ነው። ሻጩን አስፈቅድ፣ መልሰህ እንደምትደፍን ንገረው። አራቱ ማዕዘኖች፣ በመስኮት ሥር ያለ አንድ ቋሚ፣ ልብስና ዕቃ በሚታጠብበት በኩል ያለ አንድ፣ በጫት ማሳው በኩል ደግሞ ሁለት፤ በጠቅላላ ስምንት ጉድጓድ። እያንዳንዱ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቋሚው ሲታይ ካቻቢቴ በእጅህ ኃይል ብቻ ግፋ፣ አትምታ። ደህና ባሕር ዛፍ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ያስገባል። ያለ ትግል 1 ሴንቲ ሜትር ከገባ ቅርፊቱ ሄዷል፤ 3 ሴንቲ ሜትር ከገባ ያ ቋሚ ተሸካሚ አይደለም። 12 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቋሚ ከዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር ቢበላ የቀረው 8 ነው፤ ስፋቱ ከግማሽ በታች ወርዷል ማለት ነው።

ቋሚዎቹ ጥድ ወይም ወይራ ሆነው ከተገኙ ደስ ይበልህ፣ ሁለቱም አፈርንም ምስጥንም ይቋቋማሉ። በቆዩ ቤቶች ማዕዘኑ ጥድ፣ መሐሉ ባሕር ዛፍ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ማዕዘን ብቻ ፈትሸህ ሁሉም ደህና ነው አትበል።

ከዚያ ሜትርና ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ያዝ። የ6 በ8 ቤት ጥሩ ዕድል አለው፣ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሲለካ ልክ 10 ሜትር መሆን አለበት። ወለሉ ላይ ሁለቱን ሰያፎች ለካ። ቀጥሎ ከላይ፣ ወራጆቹ በሚያርፉበት አግዳሚ ከፍታ ለካ። ከታች እኩል ሆኖ ከላይ ከተለያየ ቤቱ ተጠምዝዟል። ቤቱ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግን ሰያፎቹ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለዚህ ነው ቱምቢው የሚያስፈልገው። በየግድግዳው ሁለት ቦታ ጣል። በ2.5 ሜትር ከፍታ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘነበለ ጭቃ ቤት ጤነኛ ነው። ከ5 በላይ ከሆነ ምክንያቱን ፈልግ። የሚፈገፍገው በር ራሱ ምልክት ነው፤ በአብዛኛው ማጠፊያው ሳይሆን የበሩ ቋሚ ሰምጦ ነው።

ኮርኒሱን አንድ ጥግ ላይ አስነሳና ባትሪ ይዘህ ግባ። ቀን በር መስኮት ዘግተህ ብርሃን የሚያስገቡ የሚስማር ቀዳዳዎችን ቁጠር፣ ከሥራቸው ያለውን እንጨትም ንካ። የዱቄት ክምርና የክብሪት ራስ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ካየህ ነቀዝ ነው። አንድ ልብ የሚባል ነገር፦ ምድጃ ቤት ውስጥ በነበረ ጊዜ ጭስ የጠጣ እንጨት ጥቁር ሆኖ ነቀዝ አይደፍረውም። ወጥ ቤቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ኮርኒስ ከተመታ በኋላ የተተኩት ነጫጭ ወራጆች ናቸው ቶሎ የሚበሉት። ጥቁሩን አይተህ አርጅቷል ብለህ አታስጥል።

ኤረር_በር

ከላይ ከተባለው ጋር እስማማለሁ። የምጨምረው የውኃውን ነገር ነው፤ ቋሚ ያበሰበሰው ውኃ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቋሚ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

«ከቤቱ ጀርባ ከፍ ብሎ የጫት ማሳ አለ» ብለሃል። በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ ዙሪያ ጫት በበጋ በመስኖ ይጠጣል። ቦዩ ወይም የማሳው የታች ድንበር ከቤቱ በጥቂት ሜትር ላይ ከሆነ ግድግዳህ በጥርም በየካቲትም እርጥብ ነው፤ ዝናብ ባይኖርም። ለማየት የምትሄደው ማሳው ውኃ በጠጣ ማግስት ይሁን። በዚያ በኩል ከግድግዳው 1.5 ሜትር ርቆ ጥልቀቱ 60፣ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ተቆፍሮ በጠጠር ተሞልቶ ወደ ታችኛው ጎን እንዲፈስ ሊደረግ ይችላል፤ ተዳፋቱ በ10 ሜትር ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ውኃው የሚወጣበት ቦታ የሌላ ሰው ደጅ እንዳይሆን ከጎረቤት ጋር ቀድመህ ተነጋገር።

አፈሩንም እይ። ዋልካ ከሆነ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል፣ በክረምት ያብጣል፣ ቋሚውን ያነሳል ያወርዳል። ሐረማያ አካባቢ ሌላ ቤት ካሳዩህ ደግሞ ሐይቁ ደርቆ በነበረበት ዘመን ሜዳ በሆነው ቦታ ላይ እንዳይሆን ተጠንቀቅ፤ ውኃው ተመልሷል። ድሬዳዋ ዙሪያ ቆላው ላይ ያሉትን የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ አሸዋማ ሸለቆ ዳር ያለ ቤት አይታሰብ። የ1998ቱ የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ከላይ ከደጋው በዘነበ ዝናብ ነው፤ ከተማው ላይ ስንት ዘነበ የሚለው አይመለከተውም።

ልስኑን በተመለከተ፣ ሲሚንቶው ከተነሳ በሲሚንቶ አትመልሰው። ጭቃው በጭድ ምርጊት ይስተካከል፣ ላዩ ላይ 1 እጅ ኖራ በ3 እጅ የተነፋ አሸዋ ይለሰን፣ ወይም ቢያንስ ኖራ ይቀባ። ኖራ ውኃ ከውጭ ሲከላከል ከውስጥ ያለውን እርጥበት ያስተነፍሳል። አገራችን የማሽላ አገር ስለሆነ የጤፍ ጭድ እንደ ሸዋ በየደጁ አይገኝም፤ የስንዴ ወይም የገብስ ጭድ በ5 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይሠራል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ በየቀኑ ውኃ እየተጨመረለት ቢያንስ 7 ቀን ይቡካ። ከመለሰንህ በፊት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ሙከራዎች ግድግዳው ላይ በተለያየ የጭድ መጠን ለጥፍ፤ ከሳምንት በኋላ ያልተሰነጠቀውን ምረጥ።

ቀፊራ_ሰፈር

አቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ! ቦታው በማዘጋጃ ቤቱ ክልል ውስጥ መሆኑን ከመዝገብ አረጋግጫለሁ፣ ካርታም አለው፤ የቀበሌ ደብዳቤው ለመብራት ቆጣሪ የተጻፈ ነበር። ሻጩ አምስት ቦታ ብቻ እንድቆፍር ፈቀደ።

የተገኘው ይህ ነው። ወለሉ ላይ ሁለቱም ሰያፎች 10 ሜትር። ከላይ አንዱ 10.04፣ ሌላው 9.96። በመንገድ በኩል ያለው የ8 ሜትር ግድግዳ በርዝመቱ አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ 5 ሴንቲ ሜትር ያዘነብላል፣ የጀርባው ቀጥ ያለ ነው። ከአምስቱ ጉድጓድ ሦስቱ ደህና፤ በመንገድ በኩል ከበሩ አጠገብ ያለው ቋሚ ካቻቢቴው 3 ሴንቲ ሜትር ገባ፣ በማሳው በኩል ያለው አንዱ 1 ሴንቲ ሜትር። አፈሩ ቀይ ነው። ማዕዘኖቹ ጥድ ይመስላሉ። አሸንዳ የለውም።

ቋሚና_ማገር

ይህ የሚጠገን ቤት ነው። ቁጥሮችህም እርስ በርሳቸው ይስማማሉ፤ የ8 ሴንቲ ሜትር የሰያፍ ልዩነት አንዱ ረጅም ግድግዳ ከሌላው አንጻር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተንሸራቷል ማለት ነው፣ ቱምቢህም ይህንኑ አሳይቷል። የመንገዱ ግድግዳ በርና መስኮት ስለበዛበት በሰያፍ የሚይዘው እንጨት የለውም። የበሩ ቋሚ ሲሰምጥ ሁሉም ተከተለው።

ለዋጋ ድርድር፣ በሁለቱ ረጅም ግድግዳዎች ላይ ካሉት ቋሚዎች አሥሩ እግራቸው እንደሚቀየር አስብ። ያልቆፈርከውም አለና ከዚያ በታች አትገምት። ለእያንዳንዱ ከሥር 40 በ40 በ30 የሆነ መቀመጫ፣ በላዩ 20 በ20 የሆነ አንገት እስከ እንጨቱ ድረስ ካፈሰስክ አሥሩ በጠቅላላ ወደ 0.8 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳሉ። በ1 ለ2 ለ4 ቅልቅል 5 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 2 ኩንታል ተኩል ነው። ለብክነት አንድ ከረጢት ጨምር።

አሠራሩ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ። መጀመሪያ ውኃው፤ የጠጠር ቦዩና አሸንዳው። ሁለተኛ ግድግዳውን የሚይዙት ሰያፍ እንጨቶች። ግድግዳውን ወደ ቦታው ልመልስ ብለህ አትጎትት፤ ልስኑ ላይ እያለ ከጎተትከው ጭቃው ይፈነዳብሃል። 5 ሴንቲ ሜትር አይገድልም፣ ባለበት ይዘህ አስቁመው። በእያንዳንዱ ረጅም ግድግዳ ሁለት ጫፍ ከማዕዘን ቋሚው እግር ወደ ላይኛው አግዳሚ የሚሄድ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰያፍ አስገባ። የሁለቱ ጫፍ ሰያፎች ፊት ለፊት ይተያዩ፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበሉ የሚይዙት አንዱን ወገን ብቻ ነው። በሚያቋርጡት ቋሚ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ተጠርቦ ይግባ፣ ሰያፉን አልፎ ቋሚው ውስጥ በሚገባ ረጅም ሚስማር ይመታ። ላዩ ላይ ብቻ የተቸነከረ ሰያፍ ሚስማሩን ነቅሎ ይወጣል።

ሦስተኛ ቋሚዎቹ። በቋሚው ግራና ቀኝ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አግዳሚውን የሚደግፍ እንጨት ትከል፤ ከሥሩ 30 በ30 ጣውላ፣ በላዩ የመኪና ክሪክ። ክሪኩ የሚነሳው እንጨቱ እስኪጠብቅ ብቻ ነው፤ የሰመጠውን በር ማንሳት ከፈለግህ በቀን ከ5 ሚሊ ሜትር አትለፍ። ከዚያ ቋሚውን ከበሰበሰው በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ደህና እንጨት ላይ ቁረጥ። ጉድጓዱን እስከ ጠንካራው አፈር አውርድ፣ ቀይ አፈር ከሆነ 50 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ኮንክሪቱ ውስጥ 25 ሴንቲ ሜትር የተቀበሩ፣ ወደ ላይ 30 የሚወጡ ሁለት የ5 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብረቶች አቁምና ቋሚውን በመሐላቸው በሁለት ባለ 12 ቡሎን እሰር። በኮንክሪቱና በእንጨቱ መካከል ወፍራም ላስቲክ አጥፈህ አስገባ፤ ኮንክሪት ውኃ ወደ ላይ ይስባል። ሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ በፊት ክሪኩ ከቦታው አይውጣ። ተከታታይ ሁለት ቋሚ በአንድ ጊዜ በፍጹም አይነካ፤ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ያልተነኩ ይቁሙ።

ልስንና ቀለም መጨረሻ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ጀምረህ ከበልጉ በፊት ጨርስ፣ ምርጊቱ የሚደርቅበት በጋ እንዲያገኝ።

ቆላ_ዋሂል

ስለ ምስጥ ማንም በዝርዝር አላነሳምና ባጭሩ። አዴሌ ደጋ ስለሆነ እንደ እኛ ቆላ አያስቸግርም፣ ግን አለ። ግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያህል የአፈር መንገድ ካየህ ሰበር አድርገውና በሦስተኛው ቀን ተመልሰህ እይ፤ ከታደሰ ምስጡ ሕያው ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ዘይቱ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ እንጨቱ በስንጥቅ በኩል ይበላል፣ ጉድጓድ ውኃ አጠገብ ካለ ደግሞ አፈሩን ያበላሻል። የሚያዋጣው ከላይ የተነገረው የኮንክሪት አንገት ነው። ምስጡ ለመውጣት በላዩ መንገድ መሥራት አለበትና ይታይሃል። ስለዚህ አንገቱን በጭቃ አትሸፍነው፣ ጭቃው ከአፈር በ30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በድንጋይ ላይ ይጀምር፤ እንጨትና የማሽላ አገዳም ግድግዳው ላይ አስደግፈህ አትከምር።

ቀፊራ_ሰፈር

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ጣራው ባለ 32 ቆርቆሮ ነው፣ ብዙ ቀዳዳ አለው። ልቀይር ወይስ ልድፈን?

ቋሚና_ማገር

ቀዳዳው የሚስማር ብቻ ከሆነ ሚስማሩን ነቅለህ ባለ ጎማ ሚስማር ከአጠገቡ ምታ፣ አሮጌውን ቀዳዳ በሬንጅ ድፈን። ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ በሸለቆው አይደለም። ቆርቆሮው ራሱ ቀይ ዝገት ይዞ በአውራ ጣት ሲገፋ የሚታጠፍ ከሆነ ቀይረው። ክፈፉን (ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን የጣራ ጠርዝ) 60 ሴንቲ ሜትር አስወጥተህ ከሠራህ ወደ 70 ካሬ ይሆናል፤ ባለ 90 በ2 ሜትር ቆርቆሮ ከ50 እስከ 55 ይፈጃል፣ ባለ 28 ብትገዛ ይሻላል (ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል)። አሁን ያለው ክፈፍ ስንት ሴንቲ ሜትር ይወጣል? ከ30 በታች ከሆነ ቆርቆሮው ደህና ቢሆንም ወራጆቹን በሞራሌ አስረዝመህ ክፈፉን አስወጣው፤ ግድግዳህን የሚያረጥበው ከመሬት ነጥሮ የሚረጨው የጣራ ውኃ ነው።